የሃምሳ አለቃ ወንድወሰን ሽማግሌዎች

ሃምሳ አለቃ ወንድወሰን በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ሁለት ነገር አጥብቆ ያውቅ ነበር፤ መኪና መንዳትና መታገስ። መኪና የተማረው በሐጂ ኡመይር አይሱዙ ላይ ነው። እናቱ አጋሮ ውስጥ በሐጂ ኡመይር የቡና መጋዘን ይሠሩ ነበር፤ መሬት ላይ ተቀምጠው የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው ሲለቅሙ ይውላሉ። ልጃቸው ጆንያ ከመሸከም ወደ ረዳትነት፣ ከረዳትነት ወደ መሪው ተሻገረ። መታገሱን ግን ማን እንዳስተማረው ራሱም አያውቅም። ሲጠይቁት “እግዜር ሲፈጥረኝ የመረቀልኝ ነው” ብሎ ያልፈዋል።

በሃያ ዓመቱ ወታደር ቤት ገባ። ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ጦር ስትልክ መጀመሪያ ዳርፉር፣ ቀጥሎ አቢዬ ዘመተ። አቢዬ በሁለቱ ሱዳኖች መካከል ያለች፣ ሁለቱም “የእኔ ናት” የሚሏት አገር ናት። በበጋ ከሰሜን ከብት አርቢዎች ሣርና ውኃ ፍለጋ ይወርዳሉ፤ የአገሩም ሰዎች የራሳቸው ከብትና እርሻ አላቸው፤ ሁለቱ ፊት ለፊት የሚገጣጠሙት ውኃ ላይ ነው። የወንድወሰን ሥራ የውኃ ቦቴ መንዳት ነበር። ጠመንጃ አለው፤ ነገር ግን በሁለቱም ግዳጅ አንዲት ጥይት አልተኮሰም። ለዚህም ሁልጊዜ ከመተኛቱ በፊት “ተመስገን” ይል ነበር።

አቢዬ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ከአንድ ጉድጓድ ዳር ሁለቱ ወገኖች ዱላ ሊማዘዙ ሲሉ ደረሰ። ቋንቋቸውን አይችልም። ሆኖም አጋሮ ውስጥ ውኃ ሲጠፋ ሰው ቦኖ ደጅ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ጀሪካኑን በሰልፍ ያኖራል፣ ጀሪካኑ ለባለቤቱ ወረፋ ይይዛል። ስለዚህ አንዳች ሳይናገር ጀሪካኖቹን እያነሳ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ፣ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ አድርጎ ደረደራቸው። ሰዉ ሁሉ ጀሪካኑን ለመጠበቅ ሲል በሁለት ባላንጣዎቹ መካከል ቁጭ አለ። በመጀመሪያው ቀን ማንም አልተነፈሰም። በሁለተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ለተቀመጠው ጎረምሳ ትምባሆ ዘረጉለት። በሳምንቱ አንዱ ከቁጥቋጦው ኋላ ደርሶ ሊመለስ ሲነሳ፣ ለባላንጣው ጀሪካኑን በአገጩ አሳይቶት ሄደ፤ ያም ጠበቀለት። ወንድወሰን ይህን ባየ ጊዜ ቦቴው ላይ እንደተቀመጠ ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቹ “አለቃ ወረፋ” ብለው ስም አወጡለት።

ካምፑ ውስጥ ስልክ የሚይዘው ከውኃ ሮቶው ሥር ብቻ ነበር፤ ከሮቶው ሥር ደግሞ ወንድወሰን አይጠፋም። ዳግማዊ የሚባል የጅማ ልጅ ወታደር አለ፤ እሑድ ጠዋት ዘብ ይቆማል። “እባክህ አለቃ፣ እናቴ ቤት ደውለህ ደህና ነው በልልኝ” አለው። የዳግማዊ እናት ወይዘሮ እታገኝ ክፉ ወሬ እንዳይሰሙ ፈርተው ስልክ አያነሱም። የምታነሳው እኅቱ ሔራን ነበረች።

“ሃሎ፣ ወንድወሰን እባላለሁ። ዳግማዊ ደህና ነው።”

“እሺ። ሌላስ?”

“ሌላ የለም። ደህና ነው።”

“እናቴ አጠገቤ ናት፤ ምን እየበላ ነው ደህና የሆነው ትላለች።”

“ሩዝ።”

“ሩዝ ከሆነማ ደህና አይደለም ትላለች።”

ወንድወሰን ሳቀ። በሚቀጥለው እሑድ ምን እንደበላ አስቀድሞ ጠይቆ ደወለ። ግማሽ ደቂቃ የነበረው ወሬ በሰኔ ሩብ ሰዓት፣ በነሐሴ ግማሽ ሰዓት ሆነ። ሔራን ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ከድምፅዋ ጋር አብሮ የስፌት መኪናዋ ኳኳታ ይሰማል። ዳግማዊ ከጊዜ በኋላ “ስለ እኔ ነው ወይስ ስለ ሌላ ነው የምታወሩት?” እያለ ያሾፍበት ጀመር።

በጥቅምት ወንድወሰን የአሥራ አምስት ቀን ፈቃድ ተሰጠው፤ በቀጥታ ጅማ ገባ። ሔራንን ከሱቋ በር ላይ ቆሞ አያት። እሷም አየችውና “ድምፅህ ረዥም ነበር፤ አንተ አጭር ነህ” አለችው። ከሦስት ቀን በኋላ ነገሩን ጨረሱ፤ ይኸውም እነሱ በበኩላቸው ጨረሱ ማለት ነው።

“እኔ እሺ ብያለሁ” አለች ሔራን። “የቀረችው እናቴ ናት። አንድ ወታደር ከወለድኩ ይበቃኛል፣ ሁለተኛ አልጨምርም ብላለች። ያለ እሷ ምርቃት ደግሞ እኔ ከቤት አልወጣም። ሽማግሌ ላክ፤ ደህና ሽማግሌ።”

ወንድወሰን ጣቱን ቆጠረ። ፈቃዱ ሊያልቅ አሥር ቀን ቀርቶታል። አባቱ በልጅነቱ ሞተዋል፤ እናቱም ዳርፉር ሳለ አርፈዋል። ስለዚህ በስተርጅናቸው ወደ ሄርማታ ወደ ተዛወሩት ሐጂ ኡመይር ዘንድ ሄዶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ።

“ተው፣ ተው! ማሎ፣ እባክህ ቀና በል” አሉት ሐጂ። “ምን አጥፍተህ ነው?”

“አላጠፋሁም ሐጂ። አባት ሆነው ሚስት እንዲጠይቁልኝ ነው።”

“ሱብሐነላህ! ይህን ለመናገር አርባ ዓመት ሊሞላህ ነው እንዴ?” አሉና ጫማቸውን ፈለጉ፤ ያኔውኑ የሚሄዱ መስሏቸው።

ሁለተኛው ሽማግሌ አቶ ከተማ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ቁመታቸው የበር ጉበን የሚነካ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው። ሦስተኛው የእነ ሔራን ሰፈር የቦሳ አዲስ እድር ዳኛ አቶ ተክለጻድቅ ነበሩ። ወይዘሮ እታገኝ የሚያከብሩትን ሰው ሲያጠያይቅ ሁሉም የጠራለት እሳቸውን ነው። አቶ ተክለጻድቅ ነገሩን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

“ልጄ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ እድር ዳኛ ሆኛለሁ። ለሠርግ ብሎ የጠራኝ አንተ የመጀመሪያው ነህ። በል ተወው፣ ሁሉንም ለእኔ ተወው። እሑድ፣ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት። ለቅዳሴ ሳትወጣ እንደርስባታለን።”

ማንም “አይሆንም” አላለም። ሐጂ ኡመይር ከሱብሒ ሶላት በኋላ ስለማይተኙ ሰዓቱ ተስማማቸው። አቶ ከተማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንድወሰንም አሥራ ስምንት ዓመት በካምፕ የኖረ ሰው ነውና ለእሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ረፍዷል።

የዘነጉት ነገር ይህ ነበር። በዚያ ሰፈር ልጁ በሩቅ አገር የሞተበት ሰው መርዶውን እንዲሁ ድንገት አይሰማም። የእድሩ ዳኛ ሽማግሌ አስከትሎ፣ ጋቢ ለብሶ፣ ሊነጋጋ ሲል በሩን ያንኳኳል። ከዚያ ለቅሶው ይጀመራል።

እሑድ ማለዳ ካፊያ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው በወይዘሮ እታገኝ ደጅ ቆሙ። ጠያቂው ራሱ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ወንድወሰን ግን አላስችል ብሎት ከመብራት ምሰሶው አጠገብ ቆሞ ያያል። ካፊያው ራሱን ሲመታው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደና ሰባት ወር ያደረጋትን ሰማያዊ መለዮ አውጥቶ ሳያስበው ደፋት።

በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ እታገኝ መጀመሪያ አቶ ተክለጻድቅን አዩ። ቀጥለው ሐጂ ኡመይርን። ከሁሉም ኋላ አቶ ከተማን፤ ጉበኑ እንዳይመታቸው አንገታቸውን ደፍተዋል።

“አካም ቡልተን፣ እታገኝ” ብለው ሐጂ በኦሮምኛ የማለዳ ሰላምታ ሰጡ።

“ምነው? ምን ሆናችሁ መጣችሁ?”

አቶ ተክለጻድቅ በለመዱት ለስላሳ ድምፅ “ምንም የለም፤ ደህና ነው። እስቲ አስገቢንና ቁጭ እንበል” አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት በየሰዉ ደጅ ያሏት ይህችኑ ቃል ነው።

ወይዘሮ እታገኝ በሽማግሌዎቹ ትከሻ አሻግረው አዩ። ሰማያዊዋን መለዮ አዩ።

“ልጄን! ዳግማዊዬን!”

ጩኸቱ ቦሳ አዲስን ቀሰቀሰ። ጎረቤታቸው ዘይቡ ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉ፤ “ያ ረቢ! ማል ታኤ? ምን ሆነ?” ሽማግሌዎቹን አዩ፤ መልስ ሳይጠብቁ እሳቸውም ጮኹ። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ዳኛው በማለዳ ጋቢ ለብሰው ሲያልፉ አይቶ ነበርና ማንም ሳያዘው ጡሩምባውን ነፋ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የድንኳኑ ቋሚና ሸራ በጋሪ ደረሰ።

“ደህና ነው እኮ ነው የምላችሁ! ልጁ በሕይወት አለ!” እያሉ አቶ ተክለጻድቅ ወዲያ ወዲህ ይራወጣሉ።

“ሁልጊዜም መጀመሪያ እንደሱ ነው የሚሉት!” አለ ከሰዉ መካከል አንዱ፤ ለቅሶውም ባሰ።

ሔራን ፀጉሯን ሳታስር ከውስጥ ሮጣ ወጣች። “እማዬ፣ ስሚኝ! እኔን ለትዳር ሊጠይቁ ነው የመጡት!”

“በዚህ ሰዓት ነው ትዳር? አታታልዪኝ!”

ወንድወሰን ሰዉን ሰንጥቆ ገባ። ወይዘሮ እታገኝ መለዮዋን ከራሱ ላይ ነጥቀው ደረታቸው ላይ አጣብቀው ያዟት። “የት ጥለኸው መጣህ? ንገረኝ፣ የት?” የዳግማዊ ስልክ ዝግ ነው፤ ዘብ ላይ ነዋ። ወንድወሰን ቦቴውን ለተረከበው ወታደር ደወለ። በአራተኛው ሙከራ ገባለት። “ሩጥ፤ ዳግማዊን ከዘብ አስፈቅደህ ከሮቶው ሥር አምጣልኝ። ለምን አትበለኝ።”

ሩብ ሰዓት ጠበቁ። ወንድወሰን ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ከንፈሩ በጸሎት ይንቀሳቀሳል። ድንኳኑ ቆመ። አግዳሚ ወንበሮች ተደረደሩ። ሴቶቹ ንፍሮ ጣዱ። ስልኩ ጠራ።

“እማዬ? ምን ሆናችሁ? ጫጫታው ምንድን ነው?”

ወይዘሮ እታገኝ በዋዛ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። “ልጄ ከሆንክ ንገረኝ። በስድስት ዓመትህ ከየት ዛፍ ላይ ወደቅህ?”

“ከእትዬ ዘይቡ አቮካዶ! ደግሞ አልወደቅሁም፤ እሷ ናት በዱላ ያወረደችኝ!”

“ውሸታም!” አሉ ዘይቡ በእንባቸው መካከል። “ዱላ አልነበረም፣ መጥረጊያ ነው! እሱ ነው፣ እታገኝ፣ ራሱ ነው! አልሐምዱሊላህ!”

ድንኳኑ በሳቅና በእልልታ ተናወጠ። ወይዘሮ እታገኝ ልጃቸውን መርቀው፣ ተቆጥተው፣ እንደገና መርቀው ስልኩን መለሱ። እንባቸውን ጠረጉና ወደ ሦስቱ ሽማግሌዎች ዞሩ።

“እሺ። ታዲያ ለምን መጣችሁ?”

አቶ ተክለጻድቅ የጋቢያቸውን ጥለት ማስተካከል ያዙ። ሐጂ ኡመይር መቁጠሪያቸውን ማየት ጀመሩ። ከማለዳ ጀምሮ አንዲት ቃል ያልተናገሩት አቶ ከተማ አንገታቸውን ቀና አድርገው “ልጅዎን ለልጃችን ለመጠየቅ” አሉ።

“ውጡ!” አሉ ወይዘሮ እታገኝ። “ሦስታችሁም ውጡልኝ! ልጄን ገድላችሁ ልጄን ልትወስዱ!”

ሽማግሌዎቹ ወጡ። ወንድወሰንም ወጣ። ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ከቅጥሩ ጥግ ቆሞ ቅዳሴውን ጨረሰ። ለምን እንደሚጸልይ ጠፍቶት “የእኒያ እናት ልጅ በሕይወት ስላለ ተመስገን” ብቻ አለ። ስድስት ቀን ቀርቶታል። ነገሩ እንዳበቃ ቢያውቅም ድንኳኑ በእሱ ምክንያት እንደተተከለ አሰበና ሊያፈርስ ተመለሰ።

ሲደርስ ሰዉ አልተበተነም። ንፍሮው በስሏል፤ የበሰለ ደግሞ መበላት አለበት። ሁሉም የማለዳውን ነገር እያስመሰለ ይስቃል። ወንድወሰን ጃኬቱን አውልቆ ባዶውን የድንኳን ጫፍ ገመድ መፍታት ጀመረ። ወይዘሮ እታገኝ ከደጃፋቸው ሆነው ብዙ ጊዜ አዩት፤ በመጨረሻም ጠሩት። ሔራን ንፍሮ እያዞረች ነበር፤ ቀረብ ብላ ቆመች።

“አንተ፣ ና። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰባት ወር እሑድ እሑድ ደህና ነው ትለኝ ነበር። እውነትህን ነበር?”

ወንድወሰን መዋሸት ይችል ነበር። ሔራን አየችው።

“አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ፣ እማማ። በግንቦት ወባ ጥሎት ነበር። ሁለት እሑድ ደህና ነው አልኩ።”

የሔራን እጅ ሳህኑ ላይ ደረቀ። “ለእኔም?”

“ላንቺም።”

ወይዘሮ እታገኝ አንድ እርምጃ ቀረቡት። “ስንት ቀን ተኛ?”

“አሥራ አንድ።”

“ማን ነበር አጠገቡ?”

“የካምፑ ሐኪሞች ጥሩ ናቸው…”

“ሐኪም አልጠየቅሁህም።”

“እኔ ነበርኩ። ከሥራ ስወጣ እሱ ዘንድ ነበር የማድረው።” መሬት መሬት አየ። “እናቴ ሲያርፉ መርዶውን የሰማሁት በስልክ ነው፤ በረሃ ላይ፣ ብቻዬን። ሰው አጠገቤ ቢኖር ብዬ ነበር። እሱ ብቻውን እንዳይሆን ፈራሁ።”

ወይዘሮ እታገኝ ከማለዳ ጀምሮ በእጃቸው ያለችውን መለዮ አገላበጧት።

“ሁለተኛ እንዳትዋሸኝ” አሉ ቀስ ብለው። “ቢታመም ታመመ በለኝ። ጸሎት አለኝ እኮ። ደህና ነው ካልከኝ ግን ምን ብዬ ልጸልይ?”

“አልዋሽም፣ እማማ።”

“ሐሙስ ይምጡ። እሺ አላልኩም፤ ይምጡ ነው ያልኩት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጋቢ የለበሰ ሰው በደጄ እንዳላይ። ከአስፋልቱ ጀምረው እየሳቁ ይምጡ፤ ጋሽ ተክለጻድቅም ከኋላ ይሁኑ።”

ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት የሰፈሩ ሰው በየደጁ ወጥቶ ጠበቀ። ሐጂ ኡመይር ለዒድ የሚለብሱትን ኮት ለብሰዋል። አቶ ከተማ ከረባት አስረዋል። አቶ ተክለጻድቅ ነጭ ያልሆነ ነገር ቤታቸው አጥተው የልጅ ልጃቸውን ቢጫ ጃኬት ለብሰው መጡ፤ እጅጌው ክርናቸው ላይ ቀርቷል። ሦስቱም ከአስፋልቱ ጀምረው በታዘዙት መሠረት ጮክ ብለው ይስቃሉ፤ መጀመሪያ የማስመሰል ነበር፤ በኋላ ጃኬቱን ሲያዩ እውነተኛ ሆነ።

ወንድወሰን በዘይቡ ግቢ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ዘይቡ የተጠበሰ በቆሎ ሰጥተውታል፤ አንዲት ፍሬ አልዋጠም። ነገ ማለዳ ተነስቶ አዲስ አበባ ይገባል፤ ቅዳሜ አውሮፕላን ይጠብቀዋል።

“ብላ እንጂ” አሉት ዘይቡ። “አቢዬ ላይ እንዲህ ትፈራ ነበር?”

“አቢዬ ላይ እንዲህ አልፈራሁም።”

ከቤት ውስጥ የሐጂ ድምፅ ለረዥም ጊዜ ተሰማ፤ ስለ እናቱ፣ ስለ አጋሮ፣ ስለ አይሱዙው። ድምፁ ሲያበቃ ወይዘሮ እታገኝ ራሳቸው ወደ አጥሩ መጡ።

“ወንድወሰን! ግዳጅህ መቼ ያልቃል?”

ዘሎ ተነሳ። “የካቲት፣ እማማ።”

“ከዚያ በኋላስ? ሌላ አገር ትሄዳለህ?”

አጥሩን ይዞ ቆመ። የትኛው መልስ እንደሚጠቅመው ያውቅ ነበር። ሔራንም ከእናቷ ኋላ ቆማ ታውቅ ነበር።

“ካዘዙኝ እሄዳለሁ።”

ወይዘሮ እታገኝ በረዥሙ ተነፈሱ። ልጃቸውን አዩ፤ እሱን አዩ፤ ሰማዩን አዩ።

“እንዳትዋሸኝ ያልኩህ እኔው ነኝ፤ ምን ላድርግ” አሉና ፈገግ አሉ። “የካቲት ጾም ነው። ፋሲካን እንለፍ። ዳግማዊ ሳይኖር አንድ ነገር እንዳይደረግ። በል ግባ፤ ምግቡ ቀዘቀዘ።”

ከሁሉም ቀድመው እልል ያሉት ዘይቡ ናቸው። ወንድወሰን በቆሎውን እንደያዘ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ገባ። ሐጂ ኡመይር “አልሐምዱሊላህ” ብለው ግንባሩን ሳሙት። አቶ ከተማ ትከሻውን መታ መታ አድርገው ወደ ሳህናቸው ተመለሱ። አቶ ተክለጻድቅ ጥግ ይዘው በቢጫው እጅጌ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

“ጋሼ፣ ለደስታም ያለቅሳሉ እንዴ?” አለቻቸው ሔራን ውኃ እየቀዳችላቸው።

“ምን ላድርግ ልጄ” አሉ ብርጭቆውን እየተቀበሉ፤ “የማውቀው ለቅሶ ነው፤ ሌላውን ገና መማሬ ነው።”